ራዲዮው እስኪያልቅ

ቅዳሜ ነበር። ወንድሜ ማርቆስ ጓዳ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከከሰል ምድጃው ያወጣውን የጋለ የመዳብ ዘንግ በጨርቅ ይዟል። ሽቦ ከሽቦ የሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት፣ ስታኞ የምንለው፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀልጦ ያብለጨልጫል። እናቴ ደጅ ልብስ ታሰጣለች። እኔ በሁለቱ መካከል፣ በሩ ደፍ ላይ፣ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ፀሐይ ላይ እያገላበጥኩ አሞቃለሁ። ድንጋይ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያኔ ሁሉም ቤት እንደዚያ ያደርግ ነበር።

«ታሜ፣ አፍንጫህን አርቅ። ጢሱ ይይዝሃል» አለኝ ማርቆስ።

«አይዘኝም።»

«እንደ ድመት ነው እኮ የምታነፈንፈው!»

እናቴ ከደጅ ሆና «ምን ትባባላላችሁ?» አለች። ሁለታችንም «ምንም» አልን። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቶ አንሶላውን አጥሩ ላይ ጣለው፤ እሷም እየተቆጣች አንሥታ እንደገና አጠበችው። ይኸው ነው። በዚያ ረፋድ ሌላ ምንም አልሆነም። የመጨረሻው ተራ ቀናችን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ባህል አዳራሽ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ ሱቅ ፊት ቆሜ ያው ሽታ መጣብኝ። የሙጫና የስታኞ ጢስ ነው። ስልኬን ሳላሠራ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራም አልያዝልህ ብሎኛል፣ እንቅልፍም እንዲሁ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የመጻፍ ልምድ የለኝም። ማርቆስ አልተመለሰም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። አለበለዚያ ከፊቴ እየቆመ አያስኬደኝም።

ያን ዓመት ማርቆስ ማትሪክ ወድቆ ቤት ዋለ። በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ቤት የዋለ ወንድ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ይፈለጋል። ከገበያም፣ ከሲኒማ ደጃፍም፣ ከኳስ ሜዳም እያፈሱ ይወስዱ ነበር። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ ይህ ሁሉ በደንብ አይገባኝም። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ማርቆስ አለታ ወንዶ አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ብላ ስትናገር፣ ልጁ ግን ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ ሲበላ፣ ማትሪክ በመውደቁ አፍራ የደበቀችው ይመስለኝ ነበር። እኔም አፈርኩለት። ትምህርት ቤት ልጆች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ «አለታ ወንዶ ነው» እል ነበር፤ ይህን ያህል ውሸት በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናቴ አስቴር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች፤ ማርቆስ ከውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን ይተኛ ነበር። ቀጥሎ የድሮ ደብተሮቹን አነበበ። ከዚያ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እናቴ ይህን አየች። አንድ ቀን ራት ላይ እንዲህ አለችው፦

«አባታችሁ ሲሞት የሸጥነው ራዲዮ እስካሁን ይቆጨኛል። አንተ ትችልበታለህ ይሉሃል። ሥራልኝ።»

ማርቆስ በክረምት አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እየዋለ ሙያውን ተለማምዷል። «በምን እማዬ?» አላት። «ዕቃው ውድ ነው።»

«በትንሽ በትንሽ ነዋ። እኔ ምን አስቸኮለኝ።»

«እሺ፤ ሐሙስ ገበያ ወርጄ ልምረጥ።»

«አንተማ አለታ ወንዶ ነህ» አለች። ጉርሻውን በአፏ እንደያዘች ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩ።

እንዲህ ሆኖ ነው የወንድሜ ዓይንና ጆሮ የሆንኩት። ዕቃውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ገበያ የሚሄደው እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እናቴ የምትሰጠን ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ይበቃል፣ አንዳንዴም አይበቃም። ስለዚህ መምረጥ ነበረብን። ማርቆስ አንድ ሕግ አወጣ፦ «ለጆሮ በሚሆነው ላይ አንሰስትም። ለዓይን የሚሆነውን እንተዋለን።» ከዚያ ጓዳው ውስጥ አስቀምጦ አስተማረኝ። ድምፅ ማጉያውን ስገዛ ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ እንድጫነው ነገረኝ፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ልተወው፣ ዝም ብሎ ከገባና ከወጣ ልያዘው። የተቀደደ ቢሆንም ግድ የለም፤ ቅዳጁን በወረቀትና በሙጫ እንለጥፈዋለን። ጥቅል ሽቦ ስገዛ ጠቁሮ እንደሆነ ልፋቀው፤ ሥሩ ቀይ ካልሆነ ተቃጥሏል። ያስተማረኝን መልሼ እንድነግረው ጠየቀኝ፣ እንደ መምህር። ስሳሳት በኩርኩም ይመታኛል፣ ቀስ ብሎ።

ዕቃ የምንገዛው ከጋሽ ሸምሱ ነው። ገበያው ጠርዝ ላይ ሸራ ዘርግቶ የተሰበረ ሁሉ ይሸጣል፤ የብስክሌት ሰንሰለት፣ የጋሪ ጎማ፣ የሰዓት ሆድ ዕቃ፣ የሞተ ራዲዮ። ወፍራም ነው፤ ሲናገር ሆዱም አብሮ ይናገራል።

«ኢንጂነሩ መጣ!» ይለኛል። «ዛሬ ምን እንፍታልህ?»

«ድምፅ ማጉያ።»

«ወላሂ ይቺን ያዝ። ከጀርመን ናት።»

«ባለፈው ሳምንት ከጃፓን ነበረች ብለኸኛል።»

«በጃፓን በኩል አለፈች እንጂ! አንተ ልጅ ማን ነው እንደዚህ የሚያስተምርህ?»

«ማንም» እላለሁ። እሱም ጎኑን እያከከ «ማንም በጣም ጎበዝ ነው» ይላል። ማርቆስ ቤት እንዳለ ያውቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን በደንብ የዋሸሁት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ተሳስቼያለሁ። ለራዲዮው ሳጥን የሚሆን እንድገዛ ላከኝ። ጋሽ ሸምሱ ዘንድ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሳጥን አየሁ፤ ላይዋ ላይ ቀይ አበባ ያላት፣ ክዳኗ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም። እንደዚያ ያለ ነገር ቤታችን ኖሮ አያውቅም። ለአንድ ሳምንት የተሰጠንን ሁሉ ከፍዬ እየሮጥኩ መጣሁ። ማርቆስ ሳጥኗን አገላብጦ አየ። ጣቱን አጥፎ ቋ፣ ቋ አደረጋት።

«ታሜ፣ ራዲዮ ድምፁን ከየት ያመጣዋል?»

«ከአዲስ አበባ።»

«በምን መንገድ?»

«በአየር።»

«አየሩ በቆርቆሮ ያልፋል?»

ራሴን በእጄ ሸፈንኩ። የምጠብቀው ኩርኩም ነበር። እሱ ግን ሳጥኗን ለእናቴ ሰጣትና «ለስኳር ትሁንሽ» አላት። እናቴ በጣም ደስ አላት። ደስታዋ አልገባኝም ነበር፤ ገንዘብ አባክኜ፣ አንድ ሳምንት አጥፍቼ፣ እሷ ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ለራዲዮው ግን የሳሙና ሣንቃ ሳጥን ከመሥሪያ ቤቷ መጋዘን ለመነችልን።

የማይገባኝ ብዙ ነበር። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ «ለወታደር የሚወስዱት ረጃጅሞቹን ነው፤ በዱላ ይለካሉ» ብሎ ነገረኝ። ማርቆስ ረጅም ነው። ቤት መጥቼ ሽንት ቤት ሲሄድ ጎንበስ ብሎ እንዲሄድ ለመንኩት። አልሳቀብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንት ቤት ሲሄድ እንደ ሽማግሌ ተጎንብሶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ሌላ እጁን የሌለ ምርኩዝ ላይ እንዳደረገ ሆኖ ነበር የሚሄደው። ስመለከተው «ኧረ ልጄ ደገፍ አድርገኝ» ይለኛል። እስክንደክም እንስቃለን። እናቴ ግን አንድ ጊዜ አየችውና ፊቷን አዞረች።

ሌላው የማይገባኝ ነገር የእናቴ ነበር። የራዲዮውን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ናት። ግን ሥራው ወደፊት በሄደ ቁጥር እሷ ነገር ትጨምርበታለች። አንድ ምሽት ማርቆስ የሣንቃ ሳጥኑን እየሞረደ «አዲስ አበባን ይይዛል። ምናልባት ማታ ማታ ሌላም» አላት።

«መዝሙር የሚያሰሙትን ጣቢያዎችስ?» አለች። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል፤ እሑድ ለእናቴ ምን እንደምታደርግበት የማታውቀው ቀን ሆኖባት ነበር።

«እሱ በአጭር ሞገድ ነው፣ እማዬ። ሌላ ጥቅል ሽቦ ይፈልጋል፣ ሌላ ማዞሪያ። ገንዘቡም አይበቃንም።»

«ይጨመርበታ። ይቆይ እንጂ ይጨመርበት።»

«መጀመሪያ ይሄ ይናገር።»

«ግማሽ ነገር አልወድም» አለች። እኔ በልቤ፣ እናቴ ምን ያህል ስግብግብ ናት፣ ያለንበትን አታይም፣ አልኩ።

በስተመጨረሻ አንድ ዕቃ ብቻ ቀረ። ቫሪያብል ይሉታል፤ ጣቢያ ፍለጋ ስናዞር የሚዞረው እሱ ነው። ስስ ስስ ሰሌዳዎች አሉት፤ ሲዞር አንዱ በሌላው መካከል ሳይነካካ ይገባል። ሌላውን ሁሉ በሆነ ነገር መተካት ይቻላል፤ እሱን ግን አይቻልም። ሐሙስ ወረድኩ። ጋሽ ሸምሱ «የለም» አለኝ። ሰኞ ወረድኩ። «የለም።» በሚቀጥለው ሐሙስ ስወርድ እናቴን ከሥራ ሰዓቷ ወጥታ የጋሽ ሸምሱ ሸራ አጠገብ ቆማ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ ታወራለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ዋጋ እየተከራከረችልን መሰለኝና ደስ ብሎኝ ወደኋላ ቀረሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ቀረብኩ።

«የለም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

ግን አየሁት። ከጎኑ ያለችው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር፣ ሰሌዳዎቹ ብልጭ ብለው። «ያውና!» ስል ጣሳዋን በመዳፉ ከደናት።

«ይሄ የተሸጠ ነው።»

«ለማን?»

«ለሰው። አንተ ልጅ፣ ዓይንህ እንደ አሞራ ነው፤ ሂድ አሁን።»

እየተናደድኩ ሄድኩ። እናቴ ራዲዮውን አትወደውም፣ ጋሽ ሸምሱም እኛን አይወደንም፣ አልኩ። ለማርቆስ ነገርኩት። መዳብ ዘንጉን በእጁ አሽከረከረ። ማርቆስ ቶሎ የሚቆጣ ልጅ አልነበረም። ጓዳው ውስጥ ግን ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ቀጥነዋል፣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መስሏል። ራት ላይ እናቴን እንዲህ አላት፦

«ሰኞ ራሴ ወጥቼ አመጣዋለሁ።»

«የት ነው የምትወጣው?»

«ገበያ።»

«ማርቆስ!»

«በቃኝ እማዬ። ወይ ዕቃው ይምጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ። ሰው ነኝ እኮ፣ ዶሮ አይደለሁም።»

እናቴ ከማዕዱ ተነሣች። ሳህኖቹን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ከሥራ አምሽታ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ስሄድ ጣሳዋን ከፈተና ቫሪያብሉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ትናንት ደረሰልኝ» አለኝ። ቀልድ አልጨመረበትም። ጀርመንም ጃፓንም አላለም።

ይህ ነው ያ ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ ማርቆስ የመጨረሻውን ሽቦ አጣበቀ። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ያጠበችውን አንሶላ አስገብታ እያጣጠፈች ነበር። ካሞቅኳቸው ድንጋዮች የተሻሉትን መርጠን አስገባን። ማርቆስ ቫሪያብሉን ቀስ ብሎ አዞረ። መጀመሪያ እንደ ዝናብ አለ። ከዚያ እንደ ዓሣ ጥብስ። ከዚያ አንድ ሰውዬ፣ በግልጽ፣ ጓዳችን ውስጥ፣ ስለ ዶሮ እርባታ መናገር ጀመረ።

ማርቆስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እኔን ብቻ አየኝ። እናቴ አንሶላውን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ሰውዬው፣ ዶሮ እርጥበት በሌለበት ቦታ ማደር አለበት አለ። እናቴ «እውነቱን ነው» አለችና አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ መሰለኝ።

ድምፁ በጭቃው ግድግዳ ያልፋል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወዲያው መጥታ በሩን ደበደበች። «አስቴር! ራዲዮ ገባልሽ እንዴ? እንኳን ደስ ያለሽ! ነገ ትጠሪን የለ? ሳይመረቅማ እንዴት ይሰማል!»

በእኛ ሠፈር አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ ጎረቤት ተጠርቶ ይመርቀዋል። አልጋም ይሁን ምጣድ፣ ብስክሌትም ይሁን በግ። ያልተመረቀ ዕቃ ዕድሜ የለውም፣ የባለቤቱንም ዕድሜ ይወስዳል ይባላል። ሙስሊሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም በዚህ አይለያይም። በምርቃት ጊዜ ደግሞ በር አይዘጋም፤ አላፊ አግዳሚ ቢገባ ይገባል፣ የሚገባ ሰው ይዞት የሚመጣው በረከት ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ በር ቆልፋ የኖረች ሴት ናት። አልጠራም ማለት ግን አልቻለችም። ልጇ የሠራው ነገር ሳይመረቅ እንዲቀር አልፈለገችም። ለማርቆስ «አንተ ከመጋረጃው ጀርባ ትሆናለህ። ገዛሁት እላለሁ። ሸምሱም ሸጥኩላት ይላል» አለችው። እሑድ በማለዳ ዳቦ ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ሰው መጣ። እትዬ ብርቄ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ሌሎችም ከዚያው መንደር፤ ከሁሉ በላይ አባባ ሌዳሞ። አባባ ሌዳሞ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፤ የመንደሩን ዕቃ ሁሉ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። አማርኛን ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንች እያነሡ ነው የሚናገሩት። ራዲዮውን መሐል አስቀመጥነው። ተከፈተ። ዘፈን መጣ፣ ዜና መጣ። ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። አባባ ሌዳሞ ተጠግተው ሳጥኑን ዳሰሱ፣ አሸተቱ።

«አስቴር። ይህን ማን ሠራው?»

«ገዝቼው ነው፣ አባባ። ጋሽ ሸምሱ ነው የሸጠልኝ።»

«አዎን፣ እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ይህ ሳሙና ይሸታል» አሉ አባባ ሌዳሞ። «ሸምሱ ቢሸጠው ቀለም ቀብቶ፣ ሁለት እጥፍ ዋጋ ጠርቶ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ሸምሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባባ ሌዳሞ ግን አልሳቁም።

«ዕቃ አይመረቅም። እጅ ነው የሚመረቅ። የሠራውን እጅ ሳልይዝ አልመርቅም።»

 እናቴ መሬት መሬት ታያለች።  መጋረጃው ተገለጠና ማርቆስ ወጣ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ ወጣ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በውኃ አርሶ። ሰው ይደነግጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድም የደነገጠ የለም።

«እሺ፣ አለታ ወንዶ እንዴት ነው?» አለች እትዬ ብርቄ።

«ቡናው ጥሩ ነው» አላት ማርቆስ። ያን ጊዜ የነበረው ሳቅ እንዴት እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ እንኳ ሳቀች። ሁሉም ያውቁ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር፤ በየፊናቸው ዝም ብለው ይዘውልን ኖረዋል።

ማርቆስ ተንበረከከ። አባባ ሌዳሞ ሁለት እጆቹን ያዙ፤ እንትፍ እንትፍ አሉባቸው። «እጅህ አይድረቅ። የነካኸው ይናገር። የሄድክበት ይቅናህ። እናትህን ቅበር፣ እሷ አትቅበርህ» አሉ። ግማሹ አሜን አለ፣ ግማሹ አሚን።

ከበሩ በኩልም አንድ አሜን መጣ። ዞር ስንል ግርማ ቆሟል፤ የቀበሌ ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃ በትከሻው። ከማርቆስ ጋር አብሮ ኳስ የተጫወተ የመንደራችን ልጅ ነው። ሳቁን ሰምቶ ነው የመጣው። በሩ ክፍት ነበር።

 ከዚያ እናቴ ተነሣች። ዳቦ ቆረሰች፣ ትልቁን ቁራሽ፣ ራሷ ይዛለት ሄደች። «ግርማ፣ ግባ እንጂ። ደጅ አይቆምም» አለችው። ሌላ ምን ትበለው። ግርማ ጠመንጃውን ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። ማርቆስን በትከሻ ሰላም አለው። «ቀልተሃል እኮ አንተ፣ ጥላ ተስማምቶሃል» አለው። ተቀምጦ ዳቦውን በላ። ራዲዮውን ሰማ። «እውነት አንተ ነህ የሠራኸው?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ሲወጣ እናቴን እጅ ነሣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተመለሰ። እሱ ይናገርብን፣ ወይስ ሰምተው ይዘውት ይምጡ፣ አላውቅም። እናቴን አላያትም። «እትዬ አስቴር» አለ፣ «ማርቆስ ለአጭር ጥያቄ ይፈለጋል።» እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ዳቦዬን በልተሃል አለችው። እሱም «እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ» ይል ነበር፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። ማርቆስ ጫማውን አደረገ። ሊሮጥ አልሞከረም። ከበሩ ሲወጣ ቀጥ ብሎ፣ በሙሉ ቁመቱ ወጣ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተመልሶ መጣ። የቅድሙ ሰዎች፣ በዚያው ቤት፣ በዚያው ቦታ ተቀመጡ። ጋሽ ሸምሱ በሩ አጠገብ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። እናቴ ወደሱ ዞረች።

«ምነው ሸምሱ፣ የለም ባልከው።»

«አስቴር፣ ስጠው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። አውቃለሁ። ሰኞ እወጣለሁ ቢለኝ ነው። ባያልቅ ኖሮ ይቀመጥልኝ ነበር። ራዲዮው እስኪያልቅ ድረስ ይቀመጥልኝ ነበር።»

እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የተጨመረው አጭር ሞገድ፣ የተዳበሰው ፀጉሬ፣ የተከደነችው ጣሳ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። የገባኝ ነገር፣ ራዲዮው ካላለቀ ማርቆስ ቤት ይኖራል የሚል ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ገና ጎህ ሲቀድ ምግብ ቋጥራ የታፈሱትን ልጆች ወዳከማቹበት ግቢ ሄደች። «አንተ ትምህርት ቤትህ ሂድ» አለችኝ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ግን አልሄድኩም። ምድጃው ላይ ከሰል አቀጣጠልኩና መዳብ ዘንጉን ከተትኩ። እስኪቀላ ጠበቅሁ። የራዲዮውን ጀርባ ፈታሁ። ማርቆስ ሲያደርገው እንዳየሁት ዘንጉን ስታኞው ላይ አሳረፍኩ፤ እየቀለጠ ለቀቀ። አንድ ሽቦ፣ ቀጥሎ ሌላው። ጣቴን አቃጠለኝ፣ ግን አላቆምኩም። ቫሪያብሉን ነቅዬ በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ገበያ ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሸራውን ገና እየዘረጋ ነበር። ዓይኑ አብጧል። ሲያየኝ ኢንጂነር አላለኝም።

«ጋሽ ሸምሱ» አልኩት፣ «ይሄ አይሠራም።»

መሐረቡን ፈታው። ትናንት እቤታችን ተቀምጦ ዜና ሰምቶበታል። ተቃጥሎ የጠቆረውን ሽቦ አየ፣ ከዚያ ጣቴን አየ። ቫሪያብሉን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

«እውነትህን ነው» አለኝ በመጨረሻ። «አይሠራም።»

«ሌላ አለ?»

«የለም።» ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። «እፈልግልሃለሁ። ግን ቶሎ አይገኝም፣ ታሜ። በጣም ይቆያል።»

«ይቆይ» አልኩት።